ለመተማ የታሰበ መጠለያ ደብረ ብርሃን ላይ አይፈተንም

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ ከሱዳን በመተማ በኩል ለሚገቡ ጥገኝነት ጠያቂዎች የሚሆን ጊዜያዊ መጠለያ ነው። ያሰብኩት ለ500 ቤተሰብ ነው። ለእያንዳንዱ 3 በ4 ሜትር የሆነ፣ በቱቦላሬ ፍሬም ላይ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ተጣጥፎ መኪና ላይ የሚጫን ቤት። ቢያንስ አምስት ዓመት እንዲያገለግል እፈልጋለሁ። እዚህ ከተማችን ያሉ ተፈናቃዮች በብርድ ሲሰቃዩ ስላየሁ ግድግዳው ሙቀት እንዲይዝ አድርጌዋለሁ። አንዱን ሠርቼ በክረምት እዚሁ ልፈትነው ነው። መጠኑና ማቴሪያሉ ልክ ነው? ከዓለም አቀፍ መመዘኛ ጋርስ ይሄዳል?»

ምላሽ፦ መጠኑ ያንሳል፣ ማቴሪያሉ አይሆንም፣ የመፈተኛ ቦታውና ወቅቱም ተገላቢጦሽ ነው። ተጣጥፎ መጫኑ ግን ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እሱን እናቆየዋለን።

ከአየሩ እንጀምር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2700 ሜትር በላይ ትገኛለች። መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከሉ የሁለት ሺህ ሜትር ቁልቁለት አለ። አንተ ጋ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። እዚያ በበጋው መጨረሻ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪን ያልፋል። ደብረ ብርሃን ላይ ሰውን የሚያተርፈው ሙቀት የሚይዝ ግድግዳ፣ መተማ ላይ ሰውን ከቤት ያስወጣዋል።

በቆላ የቆመ የቆርቆሮ መጠለያ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ብታየው ውስጡ ሰው የለም። ጀሪካንና ፍራሽ ብቻ ነው ያለው። እናትየው ሕፃኗን ይዛ ከግድግዳው ሥር፣ በስተምሥራቅ በኩል ባለችው ጠባብ ጥላ ተቀምጣለች። ፀሐይዋ ባዘቀዘቀች ቁጥር ጥላዋ ትሰፋለች፣ እሷም ምንጣፏን ትስባለች። ቤት የገባ ሰው የበሩን መቀርቀሪያ በልብሱ ጫፍ ይዞ ነው የሚከፍተው። ያ ሁሉ ብረት ተገዝቶ፣ ተበይዶ፣ ተጭኖ መጥቶ፣ ያገለገለው ለዚያች ለአንድ ክንድ ጥላ ነው። ፀሐይ የጠጣ ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ታች፣ ወደ ሰው አናት ይለቃል። መስኮት ብትከፍትም ይህን አያቆመውም። የሚያቆመው ከላዩ ሌላ ጣሪያ መዘርጋትና በሁለቱ መካከል አየር ማሳለፍ ነው።

መፈተን ካለብህ ጣርማ በርን አልፈህ፣ ደብረ ሲናን ወርደህ ሸዋ ሮቢት ሂድ። 1300 ሜትር ገደማ ነው። መተማን ባይተካም ከደብረ ብርሃን ይልቅ እውነቱን ይነግርሃል። ጊዜውም ሚያዝያ ወይም ግንቦት ይሁን፤ ክረምቱ ለጭቃውና ለፍሳሹ ፈተና ይቆይህ። ሦስት ቴርሞሜትር ስቀል። አንዱ ከጣሪያው ሥር፣ አንዱ በቆመ ሰው ራስ ልክ፣ አንዱ በተኛ ሰው ልክ። አራተኛውን በአቅራቢያው ባለ ዛፍ ጥላ ውስጥ አድርገው። ቤትህ ከዛፉ ጥላ ከሞቀ ሰው ዛፉን ይመርጣል። የዲዛይንህ ፈተና ይኸው ነው፤ ለአማካሪህም ከማንኛውም ሰንጠረዥ በላይ የሚያሳምን ግራፍ ይወጣዋል።

አሁን ወደ አምስት ዓመቱ። ድንበር ላይ አምስት ዓመት የሚኖር ጥገኝነት ጠያቂ ካለ፣ የተበላሸው ነገር በመጠለያ ዲዛይን አይታረምም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1969 እዚሁ አዲስ አበባ ያጸደቀው የስደተኞች ስምምነት ሰው ከድንበር ተገፍቶ ወደሸሸው አደጋ እንዳይመለስ ይከለክላል። በዚያው አንቀጽ ደግሞ አገሮች ለጸጥታ ሲባል ስደተኞችን ከመጡበት አገር ድንበር በተመጣጣኝ ርቀት እንዲያሰፍሩ ይጠይቃል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን መመሪያ ርቀቱን 50 ኪሎ ሜትር ያደርገዋል። እኛ አገር ጉዳዩ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 ነው፤ ሥራውን የሚሠራው የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት የተባለው መሥሪያ ቤት ነው። አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሰው መግቢያው ላይ ይመዘገባል፣ ጤናው ይታያል፣ ይበላል፣ ያድራል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ወዳለ ጣቢያ ይጓጓዛል።

ስለዚህ አንተ በአንድ ስም የጠራሃቸው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንዱ ድንበሩ ላይ ያለው ማረፊያ ነው። ቆይታው በቀን ይቆጠራል፤ አውቶቡስ ሲጠፋ ወይም መንገድ ሲዘጋ ሳምንታት ይሆናል። ሌላው ወደ ውስጥ ያለው ሰፈራ ነው፤ እሱ በዓመታት ይቆጠራል። የአንዱን መልስ ለሌላው ከሰጠህ ሁለቱም ይበላሻሉ። መተማ ራሷ ትምህርት ናት። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ በዚያ በር የገቡት ሱዳናውያን ብቻ አልነበሩም። ሱዳን ተጠልለው የነበሩ ኤርትራውያን፣ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን፣ የሌላ አገር ዜጎችም ገብተዋል። የአንዱ ቆይታ አንድ ሌሊት፣ የሌላው ወራት ነበር። ወደ ውስጥ የተከፈቱት የኩመርና የአውላላ ጣቢያዎችም የጸጥታ ችግር ገጥሟቸው ስደተኞቹ በኋላ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወሩ ተደርጓል። መሬት ላይ ተበይዶ የሚቀር ነገር በእንዲህ ያለ አካባቢ ዕዳ ነው። ለዚህ ነው ተጣጥፎ መጫኑን የወደድኩልህ።

መጠኑን በሒሳብ እንየው። «ስፊር» የሚባለው የሰብዓዊ ዕርዳታ መመዘኛ በትንሹ ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር የመኖሪያ ወለል ይላል፤ ማብሰያና መታጠቢያ ሳይጨምር። ለአምስት ሰው 17.5 ካሬ ይሆናል። ያንተ 3 በ4 ቤት 12 ካሬ ነው፤ ሦስት ሰው ይይዛል፣ አራተኛው ይተርፋል። ከፍታውም ቢያንስ 2 ሜትር መሆን አለበት። በሞቃት ቦታ ግን ከዚያ በላይ ነው የሚመከረው፤ ጣሪያው ከአናት በራቀ ቁጥር ለሰው ይሻላል።

የቤቱ ስፋት ግን ትንሹ ጉዳይ ነው። 500 ቤተሰብ፣ በአምስት ሰው፣ 2500 ሰው ነው። መንገዱ፣ መጸዳጃው፣ ማብሰያው፣ ክሊኒኩና ቤተሰቡ ጎመን የሚተክልባት ቁራጭ መሬት ሲደመሩ ለአንድ ሰው 45 ካሬ ሜትር ይታሰባል። ከ11 ሄክታር በላይ ማለት ነው። ቤቶችህ ሁሉ ተደምረው ግማሽ ሄክታር ብቻ አለፍ ይላሉ። ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ ይፈልጋል፤ ለ2500 ሰው 37,500 ሊትር ነው። ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ሲታሰብ 125 ጉድጓድ ይመጣል። ሥራህን በሙሉ ማጠፊያና ብሎን ላይ ካዋልከው ከመሬቱ ከዘጠኝ እጅ በላዩን ሳትነድፈው ቀረህ ማለት ነው። ሰው የሚታመመውም፣ ቤቱ በእሳት የሚያልቀውም በዚያ ባልተነደፈው በኩል ነው። በ2015 ክረምት ኩመር ላይ ኮሌራ ሲገባ ጉዳዩ የቤት ቅርጽ አልነበረም።

አማራጮቹን ልዘርዝርልህ። የቤተሰብ ድንኳን ቶሎ ይደርሳል። መደበኛው 16 ካሬ ሜትር ወለል አለው፤ የፊትና የኋላ መግቢያው ሲጨመር 23 ይደርሳል። ለአንድ ዓመት ያህል ታስቦ ነው የሚሠራው። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ከተተከለ ግን ያፍናል፣ ከተቀደደ በኋላም ዕድሜው አጭር ነው። ከስዊድን የመጣውና የአይኪያ ፋውንዴሽን የደገፈው ተገጣጣሚ ቤት ደግሞ 17.5 ካሬ ነው፣ ሦስት ዓመት ይቆያል ተብሎ የተሠራ። የሙከራ ቤቶቹ ከተሞከሩባቸው ቦታዎች አንዱ የኛው ዶሎ አዶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የሶማሊያ ስደተኞች ኖረውበታል። ለንደን ላይ የዓመቱ ምርጥ ዲዛይን ተብሎ ተሸልሟል። የዙሪክ ከተማ ግን እ.ኤ.አ. በ2015 የእሳት ፍተሻ አድርጋ አያስተማምንም ብላ ትታዋለች። ሽልማትና የእሳት ፍተሻ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ በል። እኛ ጋ ደግሞ የውጭ ምንዛሬው አለ።

ያንተ ቱቦላሬ ሌላ ጣጣ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1994 ከሩዋንዳው እልቂት በኋላ ለስደተኞች ከሸራ ጋር የአሉሚኒየም ቱቦ ታደለ። ሰዎቹ ቱቦውን ሸጠው ዛፍ ቆርጠው ሸራውን ዘረጉ። ጃፓናዊው አርክቴክት ሺገሩ ባን የወረቀት ቱቦ ይዞ የመጣው ያኔ ነው፤ ወረቀት ማንም አይገዛም። በሰዎቹ አልፈርድም። ልጁ የራበው ሰው በእጁ ያለውን ይሸጣል። የድንበር ከተማ ደግሞ ገበያ ነው፤ ቱቦላሬህ በሳምንቱ የሰው አጥር ሆኖ ታገኘዋለህ።

ሽመል፣ ማለትም የቆላ ቀርከሃ፣ የአሶሳ አካባቢ ካምፖች የተሠሩበት ጥሩ ማቴሪያል ነው። ቀላል ነው፣ ይጠገናል፣ ባለሙያው እዚያው አለ። በጊዜው ካልተቆረጠና መድኃኒት ካልነካው ግን ነቀዝ ዱቄት ያደርገዋል። ለውስጥ ሰፈራ ምረጠው።

ለድንበሩ የምመክርህ አንድ ነገር ነው፦ ዳስ። ለሠርግና ለለቅሶ የምንጥለው ዳስ። ቶሎ ይቆማል፣ ሲያበቃ ይፈርሳል፣ እንጨቱ ሌላ ቦታ ይሄዳል። በሰፈርህ እድር ውስጥ ድንኳን የሚተክሉትን ሰዎች ሄደህ አነጋግራቸው፤ ገመድ የት እንደሚላላ፣ ዝናብ የት እንደሚያቁር ከማንኛውም መማሪያ በላይ ያውቁታል። 24 ሜትር በ6 ሜትር አድርገው። በየ3 ሜትሩ በሸራ ወይም በሰሌን ክፈለው። ስምንት ክፍል ይወጣዋል፣ እያንዳንዱ 18 ካሬ፣ ለአምስት ሰው የሚበቃ። ኮሪደር አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ክፍል በሁለቱም ረጅም ጎን ወደ ውጭ ይከፈታል። ረጅሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ። የጧቱና የማታው ፀሐይ በጠባቡ ጎን ብቻ ይመታዋል።

ቋሚና ወራጁ ባሕር ዛፍ ይሁን፤ ከሸዋ ተጭኖ ይሂድ። የመተማን እንጨት አትንካ። ያ አገር የዕጣን ዛፍ አገር ነው፤ የአካባቢው ሰው ይኖርበታል። ደን ጨፍጭፎ የተሠራ መጠለያ ስደተኛውን ከጎረቤቱ ያጣላዋል። የቋሚውን እግር ለምስጥ የተቃጠለ ዘይት ቀባው፤ ከውኃ ጉድጓድ ግን አርቀህ። ማያያዣው ብሎን ይሁን፤ ሚስማር ሲነቀል እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ጣሪያው ሁለት ድርብ ነው። ታችኛው ሸራ ዝናብ ይከላከላል። ላይኛው የጥላ መረብ ወይም አሮጌ ሸራ ሆኖ ፀሐይ ይመታበታል። በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ይሁን። የጎን ግድግዳው በገመድ ተጠቅልሎ የሚወጣ ሸራ ነው። ከታች አንድ ሜትር ያህሉን በማሽላ አገዳ ወይም በሰሌን ጋርደው፤ አየር ያልፋል፣ የተኛ ሰው አይታይም። የሸራ ጣሪያ ንፋስ ሲነሳ ሸራ መርከብ ነው። ክረምቱ ሲገባ ከዝናቡ በፊት የሚመጣው አቧራማ ንፋስ ቀልድ አያውቅም። በየማዕዘኑ ሰያፍ ድጋፍ ሳታስገባ ሥዕሉን አታቅርብ።

ስንት ዳስ? በቤተሰብ አትቁጠር፤ በቀን የሚገባውን ሰው በቆይታው ቀን አባዛ። ለምሳሌ በቀን 200 ሰው ገብቶ ሦስት ቀን ቢቆይ 600 ሰው ነው፤ 15 ዳስ። አውቶቡስ ጠፍቶ ቆይታው ስድስት ቀን ከሆነ 30 ዳስ ያስፈልጋል። አንዳንዴ ከ15 ዳስ ይልቅ ሁለት አውቶቡስ ይረክሳል። ይህን በሪፖርትህ ጻፈው፤ የአርክቴክት ሥራ አይደለም የሚልህ ሰው ካለ አትስማው።

እያንዳንዱ ቤተሰብ ደግሞ ሁለት ሸራ፣ ገመድና መዶሻ የያዘ ጥቅል ይሰጠው። ወደ ውስጥ ሲጓዝ ይዞት ይሄዳል፤ እዚያ የመጀመሪያው ጣሪያው ይሆናል። ዳሱ ለሚቀጥለው ሰው ይቀራል።

መሬቱ ላይ ረዘም ልበል፤ ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ነው። የመተማ ሜዳ ዋልካ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት አብጦ ይያያዛል። በደረቁ የጠበቀ ካስማ በዝናብ ይላላል። ከባድ መኪና ይሰምጣል። ስለዚህ ከዳሱ በፊት መንገዱንና ወለሉን በገረጋንቲ ሙላ፤ ወለሉ ከዙሪያው ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። የመሬቱ ተዳፋት በየመቶ ሜትሩ ከአንድ እስከ አምስት ሜትር ይሁን። ከዚያ ካነሰ ውኃ ይተኛል፣ ከበዛ አፈሩ ይሸረሸራል። ዙሪያውን ቦይ ቅደድ፤ ቦዩም የሚወስደው ቦታ ይኑረው። ጎረቤት ሰሊጥ ማሳ ላይ የሚደፋ ቦይ ጠብ ነው የሚወልደው።

ስንጥቁ ሌላ ነገርም ይዟል። መተማና ሁመራ የካላዛር አገር ናቸው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ቀን ቀን በዋልካው ስንጥቅና በግራር ዛፎች ሥር ትውላለች፣ ማታ ወጥታ ትናከሳለች። ቀን የተመሰገነው የዛፍ ጥላ ሌሊት ማደሪያ መሆን የለበትም። ወባም አለ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ክፍል አራት የአጎበር ማንጠልጠያ በሥዕልህ ላይ ይታይ። ተራ ነገር ይመስላል። ማንጠልጠያ በሌለበት መጠለያ የታደለ አጎበር ግን ተጣጥፎ ትራስ ሲሆን ነው የሚገኘው።

እሳት። ማብሰያ ዳስ ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው፣ ከንፋሱ በስተታች፣ ቆርቆሮ የለበሰ ይሁን። እነሆ ቆርቆሮህ ቦታ አገኘ። ሱዳናዊቷ ኪስራዋን፣ ኤርትራዊቷ እንጀራዋን የምትጋግርበት ምድጃ ይለያያል፤ ሁለቱንም አስብ። በሁለት ዳስ መካከል ያለው ርቀት የከፍታው እጥፍ ይሁን። ጫፉ 3.5 ሜትር ከሆነ 7 ሜትር ማለት ነው። በየ300 ሜትሩ ደግሞ 30 ሜትር ባዶ ይተው። ባዶውን ቦታ ያየ ኃላፊ «እዚህ ጋ ሌላ ዳስ ይገባል» ማለቱ አይቀርም። አይገባም በለው።

መጸዳጃው ከዳሱ ከ50 ሜትር አይራቅ፤ ከውኃ ጉድጓድ ግን ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ለሁለት ዳስ፣ ለ80 ሰው አራት መጸዳጃ ይደርሳል፤ ሦስቱ ለሴቶች ይሁኑ። ከውስጥ የሚቆለፍ በርና ሌሊት የሚበራ መብራት የግድ ነው። ያለ ባል ልጆች ይዘው የመጡ ሴቶች፣ ብቻቸውን የመጡ ልጆችና ወንደላጤ ወጣቶች በአንድ ዳስ አይደባለቁም። ጥላ ደግሞ ለተኛ ሰው ብቻ አይደለም። የምዝገባ ሰልፍ ላይ የሚቆመውም ሰው ጥላ፣ ውኃና መቀመጫ ይፈልጋል። ብዙ ፕላን ላይ ሰልፉ ጭራሽ አልተሳለም።

ዲዛይንህ የማይደርስበትም አለ። መሬቱን የሚሰጠው ወረዳው ነው። ቆይታውን የሚወስኑት ጦርነቱ፣ መንገዱና በጀቱ ናቸው። ዳሱም ከአንድ ክረምት በኋላ ሸራው መለወጥ አለበት። ሰው ወራት እንደሚቆይ ከታወቀ ዳስ አይበቃውም፤ ያኔ ወደ ውስጥ ሰፈራ ማዛወር ነው፣ ዳሱን ማሳመር አይደለም።

ልብህን የነካው የደብረ ብርሃኑ ብርድ ከሆነ ግን ርዕሱን ቀይር፤ ምንም ነውር የለውም። ተፈናቃይ ድንበር አልተሻገረም፤ የሚመራበት ሕግም፣ የሚቆይበት ጊዜም፣ የሚያስፈልገው ቤትም ይለያል። በብርድ አገር፣ ማብሰያውና መታጠቢያው ውስጥ ሲገባ፣ ለሰው ከ4.5 እስከ 5.5 ካሬ ይታሰባል። ጭድ የገባበት የጭቃ ልስን፣ ነፋስ የማያስገባ በር፣ ከመሬት ከፍ ያለ መደብ፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ትነድፋለህ። የመንዝ ሰው የድንጋይ ግድግዳና ወፍራም የጓሳ ክዳን ለዚያ ብርድ የተገኘ መልስ ነው። ጓሳውን በብዛት ለማጨድ ግን አታስብ፤ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ነው። ያን ሥራ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ኅዳር ላይ መፈተን ትችላለህ።

መተማ ላይ ከጸናህ ደግሞ ሥዕሎችህን በዚህ ቅደም ተከተል አቅርብ። መጀመሪያ የፍሳሽና የመንገድ ፕላን፣ ቀጥሎ ሰው ከኬላው እስከ አውቶቡስ የሚሄድበት መስመር፣ ቀጥሎ መጸዳጃና ውኃ፣ ከዚያ ዳሱ፣ መጨረሻ ላይ የብሎን ዝርዝሩ። የአንድ ዳስ ዕቃ በአንድ አይሱዙ ካልተጫነ ቀንስለት።